ዳርቻው የማይረጋ ውኃ፦ የሐዋሳ ሐይቅ አስተዳደር ከዋልታዎቹ ጎን ሲታይ

የዳርቻ ሕግ ሁሉ ዳርቻው ባለበት ይቆያል ከሚል እምነት ይነሳል። ከሐይቅ ዳር ይህን ያህል ሜትር ተርቆ ይሠራ የሚለው መመሪያም ሆነ የአገሮችን የባሕር ወሰን የሚለካው ዓለም አቀፍ ስምምነት መለኪያቸውን የሚዘረጉት ከአንድ መስመር ነው። አየሩ ሲሞቅ መስመሩ ይሄዳል። በሰሜን ዋልታ የባሕሩ በረዶ ይሸሻል፤ በእኛ ስምጥ ሸለቆ አንዱ ሐይቅ ሲሞላ ሌላው ይጎድላል። ይህ ዳሰሳ የሐዋሳን ሐይቅ ማን፣ በየትኛው ሕግ እንደሚያስተዳድር ይመለከታል፤ ዋልታዎቹንም ለንጽጽር ያመጣል።

መውጫ የሌለው ሐይቅ

ሐዋሳ ከዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትንሹ ነው። ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ጥልቅ ቦታው ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ የሚነሳው ጥቁር ውኃ ብቻ ነው። የሚወጣ ወንዝ የለውም። ያም ሆኖ ውኃው ጨዋማ አልሆነም፤ ባለሙያዎች ምክንያቱ በከርሰ ምድር እየሰረገ መውጣቱ ነው ይላሉ።

እንዲህ ያለ ሐይቅ የዝናቡንም የመሬቱንም ለውጥ በከፍታው ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ ውኃው ሞልቶ ወደ ሐዋሳ ከተማ ስለገባ በዳርቻው መከላከያ ግድብ ተሠራ። ለሙላቱ የሚጠቀሱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፦ የዝናብ መጠን መዋዠቅ፣ በተፋሰሱ ደን መመንጠሩ፣ ከቦረቦር የሚታጠበው ደለል፣ ጎርፍ ይይዝ የነበረው የጨለለቃ ረግረግ መሳሳት። በዚያው ስምጥ ሸለቆ ያለው አብጃታ ደግሞ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ከሥርዓቱ በሚቀዳው ውኃ ምክንያት እየሸሸ ነው። ስለዚህ የሙቀቱ ጉዳት በየሐይቁ የሚለያየው ሰው በላዩ በሚጨምረው ጫና ጭምር ነው።

ውኃው የማን፣ መሬቱ የማን?

ሕገ መንግሥቱ ሥልጣኑን ለሁለት ይከፍላል። በአንቀጽ 51 ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወንዞችና ሐይቆች የውኃ አጠቃቀም የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ነው። በአንቀጽ 52 መሬትንና ሌላውን የተፈጥሮ ሀብት በፌዴራል ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የሐዋሳ ተፋሰስ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች የጋራ ነው። ከተማዋም ራሷ ከደቡብ ክልል ርዕሰ ከተማነት በ2012 ዓ.ም. ክልል ወደ ሆነው ሲዳማ ተሸጋግራለች። እናም ውኃው በአንድ ሥልጣን ሥር ሲሆን ደለሉ የሚነሳበት ተዳፋት፣ ፋብሪካውና የሆቴሉ ቦታ በሌሎች እጅ ናቸው።

ይህን ክፍተት ለመድፈን የተፋሰስ ምክር ቤቶችና ባለሥልጣናት አዋጅ ቁጥር 534/1999 ወጣ። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ባለሥልጣን መቀመጫውን ሐዋሳ አደረገ። ኋላ ተፋሰሶቹ በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ሥር ተጠቃለሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። በ15 ዓመት ውስጥ ተቋሙ ሁለት ጊዜ ቅርጹን ለወጠ። የሐይቅ ከፍታ በየዓመቱ ተለክቶ፣ ከደለሉና ከዝናቡ ጋር ተገናዝቦ እንዲነበብ ግን ዘመናትን የሚሻገር ባለቤት ያስፈልጋል።

ዋልታዎቹ ያገኙትና ያጡት

አንታርክቲካ በፖለቲካ መካረር ዘመን ስምምነት ያገኘች ምድር ናት። እ.ኤ.አ. በ1959 በዋሽንግተን 12 አገሮች የፈረሙት ውል የግዛት ይገባኛል ጥያቄዎችን ባሉበት አቆመ፤ እ.ኤ.አ. የ1991ዱ የማድሪድ ፕሮቶኮል ማዕድን ማውጣትን ከለከለ። ድክመቱ በባሕሩ በኩል ይታያል። የባሕሩን ሕይወት የሚጠብቀው ኮሚሽን የሚወስነው ሁሉም ሲስማሙ ብቻ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የሮስ ባሕር ጥብቅ ቀጣና ከተፈቀደ ወዲህ ሌሎች ሐሳቦች በቻይናና በሩሲያ ተቃውሞ ቆመዋል።

በሰሜን ዋልታ ሁኔታው የተለየ ነው፤ ባሕሩ በአገሮች የተከበበ፣ ሕዝብም የሚኖርበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው የአርክቲክ ምክር ቤት 8 አገሮችን ከ6 የነባር ሕዝቦች ድርጅቶች ጋር አስቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ሥራው ቆመ፤ ኋላ የቀጠለውም ቀስ በቀስ ነው።

ለሐዋሳ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈረመው የማዕከላዊ አርክቲክ ውቅያኖስ የዓሣ ስምምነት ነው። በረዶው ሲቀልጥ የሚከፈተው ውኃ ገና ንግድ ሳይገባበት፣ ጥናት እስኪቀድም ድረስ ለመጀመሪያዎቹ 16 ዓመታት የንግድ ዓሣ ማስገር እንዳይጀመር ፈራሚዎቹ ተስማሙ።

ሕጉ ኋላ ሲደርስ

በሐዋሳ ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነበር። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሲወጣ በሐይቁ ላይ በመረብ ማስገር የአሥርታት ዕድሜ ነበረው። ሕጉ የደረሰው የብዙዎች እንጀራ በመረብ ላይ ከተንጠለጠለ በኋላ ስለሆነ፣ ጠባብ ዓይን መረብና ያልደረሰ ቆሮሶ ማጥመድ በክልከላ ብቻ አልቆመም። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ግን ፍሳሽን አጥርቶ መልሶ የሚጠቀም ሥርዓት ገና ሲገነባ ተዘረጋ። መውጫ ለሌለው ሐይቅ እንዲህ ያለው ቅድሚያ ግዴታ ነው፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን ሥርዓቱ ሳይቋረጥ መሥራቱ በየጊዜው ሲረጋገጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለሐዋሳ ሦስት ሥራ ይተርፋል። አንደኛ፣ የዳርቻው ክልል የሚለካው ውኃው ዛሬ ከቆመበት ሳይሆን ከደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሲዳማና ኦሮሚያ የአርክቲክ ምክር ቤትን መሰል፣ ዓሣ አጥማጁንና የላይኛውን ተፋሰስ ገበሬ የሚያስቀምጥ የጋራ መድረክ ይፈልጋሉ። ሦስተኛ፣ መድረኩ እንደ አንታርክቲካው ኮሚሽን የአንድ ወገን እምቢታ እንዳያቆመው፣ አለመግባባት ሲፈጠር በአንቀጽ 51 ሥልጣን ያለው የፌዴራል አካል የመጨረሻውን ቃል መናገር አለበት። ሥልጣኑ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል፤ የጎደለው በሐይቁ ላይ የሚሠራበት ቋሚ ተቋም ነው።