«ሁሉም ወጥቷል» ከተባለ በኋላ

ሰውየው ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። የሽንት ፊኛቸው በኦፕራሲዮን ከወጣ አምስተኛ ወሩን ይዟል። የሽንት ከረጢታቸውን በጋቢ ሸፍነው ገቡና ገና ወንበር ሳይዙ፣ «ሁሉም ወጥቷል ብለውኛል፤ ታዲያ እናንተ ደግሞ ምኑን ልታክሙ ነው?» አሉኝ። ልጃቸው የፓቶሎጂውን ውጤት ከኮቱ ኪስ አውጥቶ፣ አባቱ እንዳያዩት በመዳፉ እየከለለ፣ በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ካንሰሩ የፊኛውን ጡንቻ አልፎ ስቡ ውስጥ ገብቷል። ከተመረመሩት 14 የሊምፍ ዕጢዎች በ2ቱ ተገኝቷል።

ኬሞውን አልፈልግም ብለው ሄዱ። እምቢታቸው አይደለም የሚከነክነኝ፤ መብታቸው ነው፤ ኩላሊታቸውም ቢሆን ብዙ ምርጫ አልሰጠኝም ነበር። የሚከነክነኝ ያ ወረቀት ለአምስት ወር ኪስ ውስጥ መቆየቱ ነው። «ድኛለሁ» ብሎ ለከረመ ሰው የእኔ የግማሽ ሰዓት ማብራሪያ እንደ ሟርት ነው የሚሰማው።

«ሁሉም ወጥቷል» የምትለውን አባባል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማት መቁጠር ትቻለሁ። ቀዶ ሐኪሙ አልዋሸም። በዓይን የታየው፣ በእጅ የተዳሰሰው ሁሉ ወጥቷል፤ የተቆረጠበት ጠርዝም ንጹህ ነው። ሲቲ ስካኑም አልዋሸም፤ ጥቂት ሚሊሜትር ያልሞላን ነገር ግን ለይቶ አያይም። ጡንቻውን ሰብሮ ያለፈ የፊኛ ካንሰር ሕዋሶቹን በደምና በሊምፍ የሚልከው ኦፕራሲዮኑ ከመደረጉ በፊት ነው። እንክርዳዱ ከነሥሩ ቢነቀልም ዘሩ አስቀድሞ ከረገፈ ለዓመቱ መብቀሉ አይቀርም። ሲመለስ ብዙውን ጊዜ በሳንባ፣ በጉበት ወይም በአጥንት የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ቤተሰብ ግን ያን ጊዜ «ሐኪሙ አጥርቶ አላወጣውም» ብሎ ቀዶ ሐኪሙን ያማል። ያለ ጥፋቱ የሚታማ ባልደረባ ብዙ አውቃለሁ።

ስለዚህ «የቀረ ነገር አለ ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ መልስ የለኝም። ያለኝ ግምት ነው፤ ግምቱም የሚነበበው ልጆች ከአባታቸው ከሚሸሽጉት ከዚያው ወረቀት ላይ ነው። ካንሰሩ ጡንቻው ውስጥ ቀርቶ ዕጢዎቹም ንጹህ ከሆኑ ኬሞ ውሰዱ ብዬ አልጫንም። (ንጹህ የተባሉት ዕጢዎች 3 ብቻ ከሆኑ ግን ንጽህናውን አላምነውም፤ ያልተፈለገ ነገር አይገኝም።) ስቡን ከነካ ወይም ዕጢ ውስጥ ከገባ፣ ሰውየው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ኬሞ ካልወሰደና ኩላሊቱ ከፈቀደ፣ አቋሜን አልደብቅም፤ ይውሰድ እላለሁ።

ምን ያህል ይጠቅማል? በ2022 የ10 ጥናቶች መረጃ፣ በድምሩ 1183 ሕሙማን፣ ባንድ ላይ ተተንትኖ ታትሟል። ከኦፕራሲዮን በኋላ ኬሞ ካልወሰዱት መቶ ሰዎች 50ው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ከወሰዱት ደግሞ 56ቱ። ይህን ስናገር አስታማሚው «ለ6 ሰው ብላችሁ ነው መቶውን የምታሠቃዩት?» ይለኛል። አዎ፣ ለ6 ሰው ነው። 50ው ያለ ኬሞም ይኖሩ ነበር፤ 44ቱ ኬሞ ወስደውም አልተረፉም። ስድስቱ እነማን እንደሆኑ አስቀድሞም ሆነ በኋላ ማንም ነጥሎ አያውቅም።

የሰፈር ምስክርነት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። «እገሌ ኬሞውን እምቢ ብሎ ጠበል ገብቶ ይኸው አሥር ዓመቱ» ይባላል። እውነት ነው፤ ምናልባት ከ50ዎቹ አንዱ ነው፤ ያዳነው ኦፕራሲዮኑ ነው ማለት ነው። «እገሊት ኬሞው ገደላት» የምትባለዋም ምናልባት ከ44ቱ አንዷ ናት። አራቱንም ዙር ጨርሶ ጤናማ ሆኖ ሙክት ያመጣልኝ ሰውም ከ50ዎቹ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ምስጋናው ሳይገባኝ ተቀብዬ ይሆናል። ከጠበል ጋር ጠብ እንደሌለኝም ይታወቅልኝ፤ ብዙዎቹ ታካሚዎቼ ሁለቱንም ይዘው ነው የሚጨርሱት። ጠቤ ያለ ውሃ ከሚጾም ጾም ጋር ነው። ዋናውን የኬሞ መድኃኒት ሲስፕላቲንን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምስ ከዋለ ኩላሊቱን አሳልፎ እየሰጠ ነው። ይህን ከታካሚው ይልቅ የንስሐ አባቱን ሳስረዳ የበለጠ ይሰማኛል።

ሌላው ደግሞ «ከተመለሰ ያኔ እንወስደዋለን» ይላል። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ በአውሮፓ በጥናት ተፈትሿል። አንዱ ቡድን ኬሞውን ወዲያው ወሰደ፣ ሌላው ካንሰሩ እስኪመለስ ጠበቀ። በአምስተኛው ዓመት ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የነበሩት ወዲያው ከወሰዱት 48 ከመቶ ያህሉ፣ ከጠበቁት 32 ከመቶ ያህሉ ነበሩ። በጠቅላላ በሕይወት መቆየት ግን ልዩነቱ 54 ለ48 ሆነና አስተማማኝ አይደለም ተባለ፤ ከታሰበው እጅግ ያነሰ፣ 284 ሰው ብቻ ነበር የተገኘው። በእነሱ አገር «እንጠብቅ» ማለት በቀጠሮ ሲቲ ስካን መነሣት ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ «እንጠብቅ» ያለው ሰው የሚመለሰው ወገቡን ሲያመው ወይም ሽንቱ ሲቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ የምንሰጠው ሕክምና ዕድሜ ያራዝም ይሆናል እንጂ የሚያድነው ጥቂቱን ነው።

«መጀመሪያ ይጠንክር» የሚለውስ? ገንፎውም አጥሚቱም ይቅረብ፤ እኔም ገና ቁስሉ ያልዳነን ሰው ኬሞ ላይ አላስተኛም። ግን ጥናቶቹ ኬሞውን የጀመሩት በአብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጀመረው ኬሞ ምን ያህል እንደሚጠቅም በልበ ሙሉነት የሚናገር ሐኪም ካለ ከእኔ የበለጠ ደፋር ነው።

ኩላሊቱ ደግሞ አይጠብቅም። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ክሪያቲኒን 1.2» ተብሎ ይመጣል፤ ኮከብ የለበትም፤ ሁሉም «ኩላሊቱ ደህና ነው» ይላል። ታካሚው 68 ዓመት የሞላው፣ 52 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ከሆነ ይህ ቁጥር በቀመሩ ሲሰላ ኩላሊቱ በደቂቃ 43 ሚሊሊትር ብቻ እንደሚያጣራ ያሳያል። ለሲስፕላቲን በተለምዶ የምንፈልገው 60 ነው፤ መጠኑን ከፋፍለን ስንሰጥ ወደ 50 ዝቅ እንላለን። «ታዲያ ቀለል ያለውን ካርቦፕላቲን ስጡት» ይባላል። ፊኛው ለወጣ ሰው ካርቦፕላቲን የሲስፕላቲንን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳምን ማስረጃ የለንም፤ ለማጽናኛ ተብሎ መርዝ አይሰጥም። የመስማት ችግር ያለበት፣ ጣቶቹ የደነዘዙበት፣ ልቡ የደከመም እንዲሁ ከሲስፕላቲን ይታቀባል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። ይህ ሁሉ ክርክር መደረግ የነበረበት ከቢላዋው በፊት ነው። በአሜሪካ ከ1987 እስከ 1998 ታካሚዎችን የመዘገበ፣ በ2003 የታተመ ጥናት ከኦፕራሲዮን በፊት ሦስት ዙር ኬሞ የወሰዱትን በቀጥታ ኦፕራሲዮን ከሆኑት ጋር አነጻጽሯል፤ መካከለኛው የዕድሜ ቆይታ 77 ወር ለ46 ወር ሆነ። በወጣው ፊኛ ውስጥ ካንሰር ያልተገኘባቸው 38 ከመቶ ለ15 ከመቶ ነበሩ። በዚያ ሰዓት ሰውየው ከእነ ጥንካሬው ነው፤ ኩላሊቱም በአብዛኛው የተሻለ ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ይህን አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ ከእኔ ጋር አብረው ተምረውታል። ግን ታካሚው ደም እየሸና ይመጣል፣ የኦፕራሲዮን ወረፋ በስንት ልመና ይገኛል፣ ቤተሰቡ «ቶሎ ይውጣልን» ይላል፤ የካንሰር ሐኪም ዘንድ የሚላከውም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ ከመቆረጡ በፊት አንድ ቀን ሁለታችንም ታካሚውን ባንድ ክፍል ብናነጋግረው ምን ነበረበት?

ከዋሽንግተን የሚደወለውንም ስልክ ልጥቀስ። «እዚህ ኬሞ ቀርቷል፣ ኢሙኖቴራፒ ነው የሚሰጠው» ይላል የእህት ልጅ። ኒቮሉማብ ከኦፕራሲዮን በኋላ እንዲሰጥ በ2021 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ካንሰሩ ሳይመለስ የሚቆይበትን ጊዜ ያስረዝማል። ኬሞ ግን አልቀረም። መድኃኒቱን ለአንድ ዓመት ሙሉ ገዝቶ የሚልክ ዘመድ ካለ እሰየው፤ ሁለት ጊዜ ልኮ የሚያቆም ከሆነ ገንዘቡ ለሲቲ ስካን ይዋል።

ኬሞ እምቢ ያሉ ሰዎች «ሐኪሙ ተቀይሞኛል» ብለው ይጠፋሉ። አልተቀየምኩም። ካርዳችሁ እዚያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቢያንስ በየስድስት ወሩ ሲቲ ስካን፣ ከዚያም ይበልጥ ቶሎ ቶሎ የክሪያቲኒን ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ከአንጀት የተሠራው የሽንት መውጫ ከኩላሊት ከሚወርደው የሽንት ቱቦ ጋር የተሰፋበት ቦታ ሊጠብና ኩላሊትን ያለ ሕመም ቀስ በቀስ ሊገድል ይችላል። ይህ ካንሰር አይደለም፤ በጊዜ ከተደረሰበት ይስተካከላል። ስትመጡ የፓቶሎጂውን ወረቀት ይዛችሁ ኑ፤ ታካሚውም ራሱ ያንብበው።