ጠፍጣፋ ፊልምን በተሽከርካሪ ሲሊንደር በቤት ውስጥ ስለ ማጠብ

4 በ5 ኢንች የሆነውን ጠፍጣፋ ፊልም በጨለማ ወደ ሲሊንደሩ አስገብተን ክዳኑን ከገጠምን በኋላ የቀረውን ሥራ በብርሃን ልንሠራው እንችላለን። ሲሊንደሩ ተጋድሞ ስለሚሽከረከር ጥቂት መድኃኒት ፊልሙን በሙሉ ያርሰዋል። ነገር ግን የጥቂትነቱ ወሰን ሊታወቅ ይገባል፤ ፊልሙ መራሱ ብቻ አይበቃምና። ምስሉን የሚያወጣው መድኃኒት ሥራውን ሳይፈጽም ከደከመ ምስሉ ፈዝዞ ይቀራል። ለምሳሌ ኤክስቶል የተባለው መድኃኒት ለ4 ፊልሞች ሳይበረዝ ቢያንስ 100 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል፤ በእኩል ውሃ ቢበረዝ ድምሩ 200 ይሆናል ማለት ነው።

ሁለተኛም፥ መሽከርከሩ ስለማያቋርጥ ምስሉ ቶሎ ይጠቁራል። ስለዚህ አልፎ አልፎ እየተነቀነቀ ለሚታጠብ ፊልም ከተመደበው ደቂቃ ከመቶ 15 ያህል ቀንሰን፥ ሙቀቱንም በ20 ዲግሪ አጽንተን እንጀምር። የመጀመሪያው ሙከራችን ግን እንደገና ሊነሣ በሚችል ሥዕል ይሁን፤ የአረጋዊ አያት መልክ ሁለተኛ ላይገኝ ይችላልና።