ሊቃውንቱ በአልኬሚ ስለ ምን አመኑ?

አልኬሚ ርካሹን ማዕድን በእሳት ኃይል ወደ ወርቅ ለመለወጥ የሚደክም ጥበብ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን የቤተ አማራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ከመካነ ሥላሴ ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ በተባለው የጀርመን ከተማ ለጀርመናዊው ሊቅ ለሂዮብ ሉዶልፍ ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ ባስረዱበት ዘመን፣ ይህ ነገር የጠንቋይ ሥራ ሳይሆን የሊቃውንትና የመሳፍንት ትምህርት እንደ ነበረ የሚያስተውል ጥቂት ነው። አባን በቤተ መንግሥቱ ያስተናገደው መስፍን ልጅ ቀዳማዊ ፍሬድሪክ፣ ካደገ በኋላ ራሱ የአልኬሚ ተመራማሪ ሆነ። በ1661 የሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላት በለንደን ሲታተም፣ በዚያው ዓመት በዚያው ከተማ የሮበርት ቦይል ስመ ጥር የኬሚስትሪ መጽሐፍ ወጣ፤ ይኸው ቦይል ወርቅና ብር ማብዛትን የከለከለው የ1404 የእንግሊዝ ሕግ እንዲሻር ተከራክሮ በ1689 አሽሮታል። የማይሆን ነው ብሎ ያመነ ሰው ለዚህ ሕግ መሻር አይደክምም ነበር።

አንዳንድ መምህራን ኒውተን ስለ አልኬሚ አንድ ሚሊዮን ቃላት ገደማ መጻፉን ሲናገሩ ደቀ መዛሙርቱን ያስቃሉ፤ ይህ የሚያሳዝን ቸልታ ነው። ሊቃውንቱን ያሳመናቸው ስስት ሳይሆን ዓይናቸው ነውና።

እስቲ ከምድጃው አጠገብ እንቁም። የእርሳስ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጥቂት ብር በውስጡ ይሸሽጋል። ከዚህ ድንጋይ የወጣውን እርሳስ ከአጥንት አመድ በተሠራ ጽዋ አድርገው ወናፉን ሲያናፉበት፣ እርሳሱ ከነፋሱ ጋር ተዋሕዶ ወደ አመዱ ይሰርጋል፤ በመጨረሻም የጽዋው ወለል ላይ አንዲት የብር ፍሬ ብልጭ ብላ ትቀራለች። እንዲሁም የብረት ሚስማር መዳብ በሟሟበት ሰማያዊ ውኃ ውስጥ ቢነከር፣ ጥቂት ቆይቶ መዳብ ለብሶ ይወጣል። ማዕድናት ሁሉ ከድኝና ከባዜቃ ተፀንሰው በምድር ማኅፀን ቀስ በቀስ ይበስላሉ የሚል ትምህርት ለተቀበለ ሰው፣ ከዚህ የሚበልጥ ምን ምስክር ይምጣለት?

በመካነ ሰላም አንድ አንጥረኛ ጠገራ ብር አቅልጦ መስቀል ሲሠራ አይቻለሁ፤ ከእሳት የወጣው ጠቁሮ ነበር፤ በሎሚ ውኃ ፈትጎ ሲያነጻው ነጣ። ያጠቆረው በብሩ ውስጥ ያለው መዳብ ነው፤ ይህን ለማያውቅ ግን ባሕርዩ የተለወጠ ይመስለዋል። እኛም የማረሻውን ብረት ከቀጥቃጩ እየተቀበልን ቡዳ ነው ብለን መሸሻችን፣ የእሳትን ጥበብ ሳይመረምሩ ከመፍረድ የመጣ ነውር ነው።

በጽዋው የቀረው ብር ከእርሳሱ የተለወጠ አለመሆኑን በእርግጥ ለመረዳት፣ ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቩዋዚዬ በ1789 እንዳደረገው፣ ሊከፈል ያልቻለውን ሁሉ ንጥረ ነገር ብሎ መመዝገብ አስፈለገ። ወደዚያ ያደረሰው መመዘን፣ ማንጠርና ማጣራት ግን በአብዛኛው ከአልኬሚስቶች ምድጃ የተወረሰ ነው፤ ኬሚስትሪን የሚያስተምር ሁሉ ከዚያ ቢጀምር ለተማሪው ይጠቅመዋል።