መኪናዋን «ሸውራራ» ያሰኛት የውሰት መብራት

የእንግሊዙ ሞርጋን ኩባንያ እ.አ.አ በ2000 በጄኔቫ የመኪና ዐውደ ርዕይ ላይ ኤሮ 8 የተባለችውን የቅንጦት ስፖርት መኪና ለዕይታ አቀረበ። ብዙ ያነጋገረው ግን ባለ 4 ነጥብ 4 ሊትር ሞተሯ ሳይሆን የፊት መብራቶቿ ነበሩ። መብራቶቹ ወደ ውስጥ ያዩ ስለሚመስሉ «ሸውራራ» የሚል ስም ወጣላት።

አስተያየቱ ለሁለት ተከፈለ። ወዳጆቿ ረጅሙን ኮፈንና እንደ ማዕበል የሚወርደውን ፓራፋንጎ አደነቁ። ነቃፊዎቿ የጥንቶቹን ሞርጋኖች ክብ ዓይን ናፈቁ። ኩባንያው በበኩሉ የመብራቶቹ አቀማመጥ ነፋስን ለመሰንጠቅ እንደሚረዳ ገለጸ።

መብራቶቹ ግን የሞርጋን ሥራ አልነበሩም፤ ከቮልስዋገን ኒው ቢትል የተወሰዱ ነበሩ። የፊት መብራትን እንደ አዲስ ለመሥራት የቅርጽ ማውጫው ሞልድ፣ የብርሃን አጣጣሉ ጥናትና ሕግ የሚጠይቀው ፍተሻ ከፍተኛ ገንዘብ ይፈጃሉ። መቶ ሺህ መኪና የሚያመርት ፋብሪካ ወጪውን ለብዙ ያካፍለዋል። በዓመት ጥቂት መቶ መኪኖችን በእጅ የሚገጣጥም ግን ሸክሙን በእያንዳንዷ መኪና ዋጋ ላይ ለመጫን ይገደዳል። ስለዚህ አነስተኛ አምራቾች የተፈተነ መብራት ከትልልቆቹ ይወስዱና የመኪናቸውን ፊት ለመብራቱ እንዲስማማ ያበጃሉ።

ሞርጋንም በኋላ ነቀፋውን ሰምቶ የኤሮ 8ን መብራቶች ለወጠ፤ ዕይታዋም ቀና። አዲሶቹ መብራቶች ግን ሚኒ ከተባለችው መኪና የመጡ፣ ዳግመኛ የውሰት ነበሩ።