ጎጆው የተቀለሰበት ስፍራና የማጀቱ ሥራ

ባልና ሚስት የቤት ውስጥ ሥራን እንዴት እንደሚከፋፈሉ ሲጠየቅ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በባልየው ጠባይና አስተዳደግ ይፈለጋል፤ ይሁን እንጂ ጎጆው የተቀለሰበት ስፍራ፣ በዙሪያው ያለውም ዘመድና ጎረቤት፣ በክፍፍሉ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ከጠባይ የሚያንስ አይደለም። ኤልሳቤጥ ቦት የተባሉት የሥነ ሰብእ ተመራማሪ 20 የለንደን ቤተሰቦችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ የትዳርን ኑሮ «የተነጣጠለ» እና «የተጋራ» ብለው ለይተውታል፤ በመጀመሪያው ባልና ሚስት የየራሳቸው ሥራና የየራሳቸው ወዳጅ ሲኖራቸው፣ በሁለተኛው ሥራውንም ጨዋታውንም አብረው ይይዙታል። ተመራማሪዋ ያስተዋሉት ዋና ነገር፣ የጥንዶቹ ዘመድና ወዳጅ እርስ በርሱ የሚተዋወቅ በሆነ መጠን ድርሻው እየተነጣጠለ መሄዱን ነው፤ ልጅ ሲታመም እናትና እኅት የሚደርሱላት ሚስት የባሏን እጅ አትጠብቅም፣ ባልም ከወጉ ወጣ ቢል ሁሉም ስለሚሰማበት ማፈንገጥ ይከብደዋል።

በዚያው ዓመት ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ቤትናል ግሪን ከሚባለው የምሥራቅ ለንደን ሠራተኛ ሰፈር ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ተሠራ አዲስ መንደር የተዛወሩ ቤተሰቦች ሲታዩ፣ ባሎች ቀድሞ ከጓደኛ ጋር ያሳልፉት የነበረውን ጊዜ ለቤታቸው ሰጥተው ነበር፤ ሚስቶቹ ግን በየዕለቱ ደጃቸውን ይረግጡ ከነበሩት እናቶቻቸው ርቀው በብቸኝነት ተቸግረዋል። ባልን ወደ ቤት ያቀረበው ርቀት ከሴቲቱ የወሰደው ነገር እንዲህ ትልቅ ስለሆነ ለውጡን እንደ ንጹሕ ድል መቁጠር አይገባም።

በኢትዮጵያ ደጋማ ገጠር ደግሞ ሙሽራዋ ወደ ባሏ ወገኖች መንደር የምትሄድበት ልማድ ስላለ ከአጠገቧ የምታገኘው እናቷን ሳይሆን አማቷን ነው፤ ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ጋግራ የምታድረው በእርሷ ዐይን ሥር ሲሆን፣ ሊያግዛት የሚሻ ባልም «ሴታሴት» መባልን ይፈራል። የውሃው ምንጭ በራቀ ቁጥር የዚህ ልማድ ዋጋ በሰዓት የሚቆጠር፣ በጀርባዋ የምትሸከመው እንስራ ይሆናል።

ዕጣ ወጥቶላቸው ከመሀል አዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች ወደ ጀሞ ወይም ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚገቡ ጥንዶች የሚያዩት ለውጥ የለንደኑን ያስታውሳል፤ በጋራ ግቢ የነበረው ልብስ አጠባ በር ተዘግቶ የሚሠራ ይሆናል፣ ባል ዕቃ ቢያጥብም የሚያየው የለም፣ ግን ቡና አጣጭዋ ጎረቤት ልጅ የምትይዝበት ዘመንም አብሮ ያልፋል። ይህን ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚሞላው ባልየው ሳይሆን፣ አቅም ባለበት ቤት፣ ከገጠር የመጣች ወጣት የቤት ሠራተኛ ናት፤ በዚህም ሥራው ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዪቱ ይተላለፋል እንጂ ከሴት እጅ አይወጣም።