ለሳል ማሩ ይሰጥ፤ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ግን ይመርመር

በጨርጨር ደጋ ብርዱ ሲበረታ ሳል ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ከህርና ወይም ከገለምሶ ገበያ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የሸመተች እናት አፍልታ በማር ታጠጣለች። ይህ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም የትኛው ተፈትኖ እንደተመሰከረለት፣ የትኛው በልማድ ብቻ እንደሚሠራበት የገበሬ ማኅበር መሪዎች ለይተው ማወቅ ይገባቸዋል።

የተመሰከረለት ማሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ በ105 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ማር የተሰጣቸው ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳላቸው ቀለል ብሎላቸው አድረዋል። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም፤ አንዳንድ ጊዜ በማር ውስጥ የሚገኝ ተሕዋስ ሰውነቱን ሊያሽመደምደው ይችላል።

ቻይናዎችም ከወሽመላ ቅጠል፣ ከሥራሥርና ከማር የተቀመመ የሳል ሽሮፕ ይጠጣሉ። ቅጠሉ ራሱ ሳል ስለ መፈወሱ ጠንካራ ማስረጃ አልቀረበም። በአንጻሩ ሌላው የቻይና ቅጠል ፈተናውን አልፏል። ተመራማሪዋ ቱ ዩዩና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ከቅጠሉ ያወጡት አርቴሚሲኒን፣ የምዔሶ ቆላ ሰው ለወባ የሚውጠው የኮአርተም መሠረት ነው። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ተሸላሚ ሆነዋል። የባላገር መድኃኒት በፈተና ሲያልፍ እንዲህ ነው።

የሚያሳስበው በዝንጅብሉ ተማምኖ ጊዜ ማጥፋቱ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ስለሚችል አክታ መመርመር ያሻል። በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በር ተዘግቶ በርጫ የሚቃምበት ክፍል ደግሞ አንድ ሳይ ታማሚ ካለበት ለሁሉም ይተርፋል። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ይፈጃል፤ ሻል ሲል ማቋረጥ አይፈቀድም።

የሕፃናቱ ጉዳይ ሁለት ሳምንትም አይጠብቅም። ከ2 እስከ 11 ወር ያለው ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ የሳንባ ምች ተጠርጥሮ በዚያው ቀን ይወሰድ። ለሳል እንጥል ማስቆረጥ ደም ከማፍሰስና ከማመርቀዝ በቀር የሚፈይደው የለም፤ ቆራጮቹ በየቀበሌው የታወቁ ስለሆኑ መሪዎች ጠርተው ሊያነጋግሯቸው ይገባል።

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከማዳበሪያው ጉዳይ ቀጥሎ፣ በየጎጡ ሁለት ሳምንት የሳለ ሰው ይጠየቅ፤ ስሙም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምስጢር ይድረስ።