ግጥሙ እርስዎን ምን አለዎት?

ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ አንብበው «ይህስ ለእኔ የተጻፈ ነው» ያሉት መቼ ነው? ብዙዎቻችን ግጥምን የምናስታውሰው ከክፍል ውስጥ ነው፤ መምህሩ «የገጣሚው መልእክት ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅና ለትክክለኛው መልስ ነጥብ ሲሰጥ። ቤት ውስጥ ግን ነጥብ ሰጪ የለም። ጥያቄውም ይለወጣል፦ «አንተስ ምን ተሰማህ?»

እኔ የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ የደንበኛን ስሜት ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ነጥብ መለካት ሥራዬ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለው ቤታችን ዓርብ ማታ ከእራት በኋላ አንድ አጭር ጽሑፍ ጮክ ብለን ማንበብ ከጀመርን ወዲህ ግን በነጥብ የማይለካ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ።

አንድ ዓርብ የገብረክርስቶስ ደስታን «ሀገሬ» አነበብን። ሐረር የተወለደው ይህ ሠዓሊና ገጣሚ በጀርመን ተምሯል፤ በኋላም ከአገሩ ወጥቶ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አርፏል። «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተሰኘው የግጥሞቹ ስብስብ የታተመውም ከሞተ በኋላ ነው።

አባቴ የቃላቱን አመራረጥ አደነቀ። የስምንት ዓመቷ ልጄ «ከናፈቀው ለምን ተመልሶ አይመጣም?» ብላ ጠየቀች። መልስ የሰጣት የለም። ታናሽ ወንድሜ ውጭ አገር ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። ስለ እሱ ሲጠየቁ «ደህና ነው፣ ይደውላል» ብቻ የሚሉት እናቴ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ሲደውል ደህና ነኝ ይለኛል፤ እኔም ደህና ነኝ እለዋለሁ። ሁለታችንም እንዋሻለን» አሉ። በማግስቱ ሲደውል ወሬያቸው ከወትሮው ረዘመ።

ሰው ስለ ራሱ በቀጥታ ሲጠየቅ ይሸሻል። ስለ ግጥሙ ሲጠየቅ ግን ሳያስበው ስለ ራሱ ይናገራል። ሰምና ወርቅ ላሳደገን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

እርስዎም መሞከር ከፈለጉ፦

አጭር ይምረጡ። ለልጆች የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ»፣ ለአዋቂዎች የአዳም ረታ ወይም የበዕውቀቱ ስዩም አጫጭር ታሪኮች ጥሩ መነሻ ናቸው።

መጀመሪያ ትንሹ ይናገር። አባት ከቀደመ ልጆች የሚደግሙት የእሱን ሐሳብ ነው።

አያርሙ። «ትርጉሙ እሱ አይደለም» የሚለውን ለፈተና ይተዉት። «የትኛው ቃል እንዲህ አሰኘህ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

«አልወደድኩትም»ንም ይቀበሉ። አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅዎ አንድ ታሪክ ለምን እንዳናደደው ከነገረዎት፣ ስለ ትምህርት ቤት ውሎው ከሚነግርዎት የበለጠ ነግሮዎታል።

ዝምታንም ያክብሩ። አንዳንዱ ስሜት ቃል የሚያገኘው ከሳምንት በኋላ፣ ቡና ሲፈላ ነው።

ዛሬ ማታ ቴሌቪዥኑን ለ20 ደቂቃ ያጥፉና አንድ ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡ። ከዚያ እርስዎ ዝም ይበሉ፤ ቤተሰቡ ይናገር።